የኤቢኤስ መብራቱ ተነቅሎ ቦሎ ስለሚለጠፍለት መኪና፦ ለዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተሽከርካሪ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ኤቢኤስና የፍሬን ኃይል ማከፋፈያ በዓመታዊ ምርመራ እንዲታዩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኛ በአዲስ አበባ ጋራዦች ውስጥ ፍሬንና የመኪና ኤሌክትሪክ የምንሠራ መካኒኮች ነን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በቅርቡ ለጋራዦች በቃል በተላለፈ ውሳኔ ምክንያት ነው። ፍሬን እምቢ ብሎት አደጋ ያደረሰ መኪና ከተገኘ፣ መጨረሻ ላይ የጠገነው ጋራዥ ይጠየቃል ተብለናል።

መጠየቁን አንቃወምም። በሠራነው ሥራ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቅር ያሰኘን ሌላ ነው። ባለቤቱን «ይህ መኪና እንዲህ ሆኖ መንገድ መውጣት የለበትም» ብለን ስንመክረው፣ እሱ የተለጠፈለትን ቦሎ ያሳየናል። «መንግሥት አልፏል ያለውን አንተ ወድቋል ትላለህ?» ይለናል። መልስ የለንም። ምርመራው የማያየውን ብልሽት እኛ ብቻችንን ልናስቆመው አንችልም።

የማይታየው ብልሽት የኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ ጎማ ታስሮ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ሥርዓት፣ እና የፍሬን ኃይል ማከፋፈያው፣ ማለትም የኢቢዲው፣ ብልሽት ነው። ደብዳቤውን ከሹፌሮችና ከተሳፋሪዎችም የሚያነቡት ስለሚኖሩ፣ ነገሩን ከሥሩ ብናስረዳ ይሻላል።

ፍሬን ሲረገጥ መኪናን የሚያቆመው የፍሬን ሸራው ብቻ አይደለም። መጨረሻ ላይ የሚያቆመው ጎማው አስፋልቱን የያዘበት ኃይል ነው። ጎማ አስፋልትን በደንብ የሚይዘው እየዞረ ጥቂት ሲንሸራተት ነው፤ በደረቅ አስፋልት ከ10 እስከ 20 በመቶ አካባቢ። ጭራሽ ታስሮ ሲጎተት ይዞታው ይቀንሳል። ከዚህ የሚብስም አለ። የታሰረ ጎማ ወደ ጎን መያዝ አይችልም። የፊት ጎማዎች ከታሰሩ ሹፌሩ መሪውን ቢያዞርም መኪናው አይታዘዝም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የኋላዎቹ ቀድመው ከታሰሩ ደግሞ የመኪናው ኋላ ወደ ጎን ይወጣና መኪናው ይዞራል። ያን ጊዜ ጎበዝ ሹፌር መሆን ብዙም አይረዳም።

ኤቢኤስ ይህን ይከላከላል። በየጎማው አጠገብ የጎማውን ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር አለ። ኮምፒዩተሩ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ በተለየ ፍጥነት ሊቆም ሲል ያያል። ወዲያው ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ይዘጋል፣ ግፊቱን ጥቂት ይለቃል፣ ጎማው መዞር ሲጀምር መልሶ ይጨምራል። ይህን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል። ሹፌሩ እግሩ ሥር የሚሰማው መንቀጥቀጥ ይኸው ነው።

ኢቢዲ ከዚህ ቀድሞ የሚሠራ ነው። ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። የመኪናውም ክብደት እንዲሁ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማዎች ይከብዳሉ፣ የኋላዎቹ ይቀላሉ። ለሁሉም እኩል ግፊት ከተላከ የቀለለው የኋላ ጎማ ቀድሞ ይታሰራል። ስለዚህ ለኋላው የሚላከው ግፊት እንደ ጭነቱና እንደ አረጋገጡ መመጠን አለበት። ድሮ ይህን የሚሠራው ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ ነበር። ብዙ ፒካፖችና የቆዩ ሚኒባሶች ዛሬም አላቸው። ኢቢዲ ግን ያንኑ ሥራ በኤቢኤሱ ሴንሰሮች፣ በኤቢኤሱ ቫልቮችና በኤቢኤሱ ኮምፒዩተር ነው የሚሠራው። የራሱ የሆነ ዕቃ የለውም ማለት ይቻላል። ኤቢኤሱ በደንብ ከሞተ እሱም ይሞታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ላይ ነው። «ኤቢኤስ ባይሠራም ተራው ፍሬን ይሠራል» ይባላል። ለድሮ መኪና እውነት ነው፤ የግፊት መመጠኛ ቫልቩ ለብቻው ስላለ። ኢቢዲ ባለው መኪና ላይ ግን ያ ቫልቭ የለም። ኢቢዲው ከጠፋ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን የለም። ፔዳሉ ሲረገጥ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድ በደንብ ይቆማል፣ ሹፌሩ ምንም አይጠረጥርም። ዝናብ ዘንቦ፣ ቁልቁለት ላይ፣ አንድ ሰው ድንገት መንገድ ሲያቋርጥ ነው የሚገለጠው።

መኪናው ግን አስቀድሞ ይናገራል። ከኤቢኤሱ የተወሰነ ክፍል ሲበላሽ ቢጫው መብራት ይበራል። ኢቢዲውም አብሮ ሲጠፋ በብዙ መኪኖች ላይ ቢጫውና ቀዩ የፍሬን መብራት አንድ ላይ ይበራሉ። ሁለቱ አብረው የበሩበትን መኪና እኛ ለባለቤቱ ስናስረክብ እጃችን ይንቀጠቀጣል።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

የመጀመሪያውና ዋናው፣ ምርመራው ይህን ብልሽት እንዲያገኝ ሆኖ አልተዘጋጀም። የፍሬን መመርመሪያው ሮለር ጎማውን የሚያዞረው በሰዓት በጥቂት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ኤቢኤስ በዚያ ፍጥነት ሥራ አይጀምርም። ሮለሩ የሚለካው የእያንዳንዱን ጎማ የፍሬን ጉልበትና የግራና የቀኙን ልዩነት ነው። ይህ አስፈላጊ መለኪያ ነው፣ ይቅር አንልም። ነገር ግን ኤቢኤሱ የሞተ መኪና ሮለር ላይ ወጥቶ ጥሩ ውጤት ይዞ ይወርዳል። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ያልተጠየቀውን ሊመልስ አይችልም። ሮለሩ የማያየውን ሰው ማየት ነበረበት። የሚታየው ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ነው።

ቁልፉ ሲከፈት የኤቢኤስ መብራት መብራት አለበት። ኮምፒዩተሩ ራሱን ፈትሾ ሲጨርስ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ይጠፋል። ካልጠፋ ብልሽት አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ የባሰ ነገር አለ፦ አምፖሉ ተነቅሏል፣ ወይም ተሸፍኗል። ሽቦው ከሌላ መብራት ጋር ተያይዞ ጤነኛ የሚመስልበትም አለ። መብራቱን ማየት ገንዘብ አይጠይቅም፣ መሣሪያም አይጠይቅም።

ሦስቱንም ዓይነት አይተናል። አንድ ሚኒባስ ለሸራ ቅያሬ መጥቶ የኤቢኤስ መብራቱ ቁልፍ ሲከፈት አልበራም። ዳሽቦርዱን ስንፈታ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኖ አገኘነው። ከኋላ የሁለቱም ጎማዎች የሴንሰር ሽቦ ተቆርጦ ታስሯል። መስታወቱ ላይ የዓመቱ ቦሎ አለ። ሹፌሩ መኪናውን ከሌላ ሰው ተረክቦ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ምንም አያውቅም። ዝናብ ላይ ፍሬን ሲይዝ «ኋላው ይሸሸኛል» እያለ ጎማ ደጋግሞ አስመርምሯል። ጎማው ጤነኛ ነበር።

ሌላ ቤት መኪና ላይ የኤቢኤስ መብራቱ ሽቦ ከዘይት መብራቱ ጋር ተቀጥሎ ነበር። ቁልፍ ሲከፈት ይበራል፣ ሞተር ሲነሳ አብሮ ይጠፋል። ላየው ሰው ጤነኛ ይመስላል። ይህን የሠራው እንደኛው መካኒክ ነው። በሙያችን ውስጥ እንዲህ የሚያደርጉ መኖራቸውን አንደብቅም። እነሱ ቢጠየቁ ደስ ይለናል። ግን ይህ ሥራ ገበያ ያገኘው ምርመራው ስለማያገኘው ነው። አንዱ ጋራዥ አልሠራም ሲል ባለቤቱ ቀጣዩ በር ይሄዳል። እውነቱን የተናገረው ደንበኛ ያጣል።

ተሳቢዎች ላይ ያለው ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበናል። ኤቢኤስ ያለው ጎታች፣ ኤቢኤስ ያለው ተሳቢ ይዞ፣ በመሃል ያለው የኤቢኤስ ገመድ ሳይሰካ ይሄዳል። ገመዱ ተበጥሶ ወይም ሶኬቱ ተሰብሮ አዲስ ሳይገዛ ይከርማል። የአየር መስመሩ ስለተገናኘ ፍሬኑ ይይዛል፣ ስለዚህ ማንም ግድ አይሰጠውም። ባዶ ተሳቢ ግን ቀላል ነው። እርጥብ መንገድ ላይ በኃይል ሲረገጥ ጎማዎቹ ይታሰራሉ፣ ተሳቢው ወደ ጎን ይወጣና የሚመጣውን መስመር ይዘጋል። የጎታቹ የኋላ ጎማዎች ከታሰሩ ደግሞ ጎታቹና ተሳቢው እንደ ሰንጢ ይታጠፋሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ፣ በጣርማበር ቁልቁለት ወይም በዓባይ በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚሻገረው ጠመዝማዛ ላይ ይህ ቢሆን ማን ይተርፋል?

አሜሪካኖች ይህን ያስተካከሉት በሕግ ነው። የአየር ፍሬን ያላቸው አዳዲስ ጎታቾች እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1997 ጀምሮ፣ ተሳቢዎች ደግሞ ከመጋቢት 1998 ጀምሮ ኤቢኤስ እንዲኖራቸው አስገደዱ። ተሳቢው ላይ ደግሞ ከውጭ የሚታይ ቢጫ መብራት እንዲኖር አደረጉ፤ ተቆጣጣሪው አጠገቡ ቆሞ ብቻ ያውቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የዓመታዊ ምርመራ መመሪያ የኤቢኤስ መብራት ብልሽት ካሳየ ወይም የጎማ ሴንሰር ከጎደለ ዋና ጉድለት ተብሎ ይመዘገባል፤ መኪናው አያልፍም። የሚገርመው፣ ከእነዚሁ አገሮች ያገለገሉ ሆነው ወደ እኛ የመጡ መኪኖች እዚያ የሚጥላቸው ብልሽት እዚህ አይጥላቸውም። ቦሽና መርሴዲስ ይህን ቴክኖሎጂ ለገበያ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ዛሬ አዲስ ነገር ነው ብለን የምንዘገይበት ምክንያት የለም።

መለዋወጫው ሌላው ችግራችን ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔት የጎማው ኩሽኔታ ላይ ነው የተቀመጠው። በዓይን አይለይም። ገበያ ላይ ማግኔት የሌለው ኩሽኔታ በዚያው ማሸጊያ፣ በርካሽ ይሸጣል። ባለቤቱ ገዝቶ ያመጣልናል፣ እንገጥመዋለን፣ መኪናው ድምፅ ማሰማቱን ያቆማል፣ የኤቢኤስ መብራቱ ግን ይበራል። ማግኔት ያለውም ቢሆን ተገልብጦ ከተገጠመ ሴንሰሩ ምንም አያነብም። ይህን የሚለይ ትንሽ የማግኔት ካርድ አለ፤ ብዙ ጋራዥ ውስጥ ግን የለም። የጎማ ነገርም አለ። ከፊት አንድ ቁጥር፣ ከኋላ ሌላ ቁጥር ጎማ የሚያስሩ አሉ። ዙሪያው የተለየ ጎማ የሚዞርበት ፍጥነት ስለሚለይ ኮምፒዩተሩ ይሳሳታል።

በፒካፖችና በጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት ሞላ፣ መጨመር የተለመደ ነው። ባሌስትራ ሲጨመር የመኪናው ኋላ ከፍ ይላል። በዘንግ የሚሠራው ቫልቭ ጭነቱን የሚያውቀው በዚያ ከፍታ ነው። መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ እንኳ ቫልቩ ባዶ ይመስለዋል፣ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። የፊት ፍሬን ብቻውን ይሠራል፣ ይግላል፣ ቁልቁለት ላይ ይደክማል። አንዳንዱ ይህን ለማስተካከል ብሎ ዘንጉን ወደ ላይ በሽቦ ያስረዋል። ያኔ መኪናው ባዶውን ሲሆን የኋላ ጎማው ይታሰራል። በምርመራ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዘንጉን ማየት ይቻላል። ሲታይ ግን አላየንም።

የሹፌሮች ሥልጠናም ከዚህ አይለይም። ወደ እኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ «ፔዳሉ እግሬን ይመታኛል፣ ፈትሽልኝ» ይላሉ። ስንጠይቃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እግራቸውን ያነሳሉ። ወይም በድሮው ልማድ እየረገጡ ይለቃሉ። ለኤቢኤስ ሁለቱም ስህተት ነው። ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ፔዳሉን በኃይል ረግጦ አለመልቀቅና መሪውን ወደ ክፍት ቦታ ማዞር ነው። መረገጡን ካቆመ ኤቢኤሱም ያቆማል። ይህን መማር የነበረባቸው ቀድሞ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ እንጂ ጋራዥ ውስጥ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ኤቢኤስ ሁሉን አያድንም። ኮረኮንች ላይ የታሰረ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ ስለሚከምር አንዳንዴ ቀድሞ ያቆማል፤ ኤቢኤስ ያለው መኪና ግን ረዘም ብሎ ይሄዳል። ገጠር የሚሠሩ ባለቤቶች ሽቦውን የሚያስቆርጡት ለዚህ ነው፣ ምክንያታቸው ይገባናል። ሆኖም ያው መኪና ጠዋት ኮረኮንች ላይ፣ ከሰዓት በኋላ አስፋልት ላይ ነው። ኮረኮንች ላይ ደግሞ ፍጥነት መቀነስ ይቻላል። የጋለ ፍሬንንም ኤቢኤስ አያቀዘቅዝም። ዓባይ በረሃን የሚወርድ ሹፌር ዛሬም በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን ነው መውረድ ያለበት። ይህን የምንለው ኤቢኤስ ከተሠራ አደጋ ይቀራል ብለን እንዳልጠየቅን እንዲታወቅልን ነው።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በብዛት ገብተዋል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ቁጥራቸው በየጋራዡ ደጃፍ ይታያል። በእነሱ ላይ ፍሬን ሲረገጥ ሞተሩም ኃይል እየመለሰ መኪናውን ያቆማል። ከፍሬኑ ጋር የሚያቀናጀው ኮምፒዩተር ነው። የአንዳንዶቹን የፍሬን ዘይት እንኳ ያለ ኮምፒዩተር መቀየርና አየር ማስወጣት አይቻልም። አስመጪው መኪናውን ይሸጣል፣ መፈተሻውንና መመሪያውን ግን ለጋራዥ አይሰጥም። ነገ እነዚህ መኪኖች ሲያረጁ ዛሬ በሚኒባሶቹ ላይ የምናየው ነገር እዚያም ይደገማል። ደግሞም ይብሳል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ በምርመራ ቅጹ ላይ የኤቢኤስ መብራት አንድ መስመር ይጨመርለት። ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ በርቷል? ሞተር ከተነሳ በኋላ ጠፍቷል? የኤቢኤስ መብራቱ ከቀዩ የፍሬን መብራት ጋር አብሮ የበራበት መኪና እስኪጠገን ቦሎ አይለጠፍለት። ቢጫው ብቻ ለበራበት የተወሰነ የጥገና ጊዜ ይሰጠው። ባለቤቶችን በአንድ ቀን መንገድ ላይ ማስቀረት አንፈልግም፤ ዕቃ ለማግኘት ጊዜ እንደሚወስድ እኛው እናውቃለን። ኤቢኤስ የሌላቸውን የቆዩ መኪኖችም ይህ አይመለከትም። ከፋብሪካ ይዞት የመጣ መኪና ይዞት ይቆይ ነው የምንለው።

መብራቱን በሽቦ የሚያታልል ስላለ፣ ቢያንስ በትልልቅ የምርመራ ጣቢያዎች የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ይኑር። ዛሬ ትንሽ ጋራዥ እንኳ የያዘው ዕቃ ነው።

የጎታችና የተሳቢ ምርመራ ሁለቱ ተገናኝተው ይደረግ። የኤቢኤሱ ገመድ ይሰካና ይታይ። ባሌስትራ የተጨመረበት መኪና ካለ የኋላ ቫልቩ ዘንግ ይታይ።

አደጋ ሲደርስ «የፍሬን ብልሽት» ተብሎ ብቻ አይዘጋ። ጎማው ታስሮ ነበር? የኤቢኤስ መብራት በርቶ ነበር? ሽቦው ተቆርጦ ነበር? መጨረሻ የጠገነው ጋራዥ ከመጠየቁ በፊት ይህ ይመዝገብ። እኛም የምንሰጠው ደረሰኝ ላይ የኤቢኤሱን ሁኔታ ጽፈን ለማስረከብ ዝግጁ ነን። ባለቤቱ አልጠግንም ካለም ይህንኑ አስፈርመን ቅጂውን እንያዝ። ይህ ወረቀት ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው ግን የእናንተ መመሪያ ያስፈልገዋል።

የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና የሚመለከታቸውን ክፍሎች አነጋግራችሁ፣ በኤቢኤስ ፍሬን አያያዝ ላይ የተግባር ልምምድ እንዲኖር አድርጉ። አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪዎችም የመፈተሻ መሣሪያና በሚነበብ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ለጋራዦች እንዲያቀርቡ ግዴታ ይጣልባቸው።

በምርመራ ጣቢያችሁ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የኤቢኤስን አሠራር በተግባር ለማሳየት ከመካከላችን ፈቃደኛ መካኒኮች አሉ፤ ክፍያም አንጠይቅም። የተፈቱ ሴንሰሮች፣ የተሳሳቱ ኩሽኔታዎችና የተቀጠሉ ሽቦዎች ሰብስበን ይዘናል፣ ይዘን መምጣት እንችላለን። ቀኑን ንገሩን።

የጋራዦች ተጠያቂነት መመሪያ በጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ከእኛ ጋር አንድ ስብሰባ እንዲደረግና ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአዲስ አበባ ጋራዦች የሚሠሩ የፍሬንና የአውቶ ኤሌክትሪክ ጥገና መካኒኮች